«ጆሮ ጠቢ» የሚለው ቃል በመታገዱ ከልብስ እጥበት ክፍል የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ሦስተኛ ፎቅ፣ ምንጣፍ የተነጠፈበት ቢሮ።

ክቡር ሆይ፤

ይህች ደብዳቤ እጅዎ ስትገባ ክቡርነትዎን ከመላ ቤተሰብዎ ጋር በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም በሙሉ የጆሮ ጤንነት እንድታገኝዎት ከልብ እመኛለሁ። ሌላው አካልዎ ቢታመም ሐኪሙም አልጋውም እዚሁ ግቢ ውስጥ አለ። ጆሮዎ የታመመ ዕለት ግን እኛ ምድር ቤት ያለነው ሰዎች ምን ስናወራ እንደዋልን ሳይሰሙ ሊያድሩ ነውና፣ ያን ክፉ ቀን አያሳየን።

እኔ ከልብስ እጥበት ክፍል፣ መስኮቱ አጠገብ ባለው የማጠፊያ ጠረጴዛ ላይ የምሠራ ሠራተኛ ነኝ። ስሜን መጻፍ አላስፈለገኝም። ክቡርነትዎ በገዛ እጅዎ ወንበር ስበው ያስቀመጡኝ ሴት ስለሆንኩ በደንብ ያውቁኛል።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ወር በየኮሪደሩ የተለጠፈው ማስታወቂያዎ ነው። ማስታወቂያው፣ አንዳንድ ሠራተኞች ባልደረቦቻቸውን «ጆሮ ጠቢ» በሚል ጸያፍ ቃል እየጠሩ የሥራውን ሰላም እንደሚያውኩ ይገልጽና፣ ከእንግዲህ ቃሉ የታገደ መሆኑን፣ በምትኩም «የመረጃ አጋር» የሚለው ጨዋ አጠራር እንዲሠራበት፣ ይህን የተላለፈም ደመወዙ እንደሚቆረጥ ያስታውቃል።

ምስጋና ይቀድማልና ላመስግን። ይህ ቃል ዕድሜውን ሙሉ በሹክሹክታ የኖረ፣ ሰው ሲመጣ የሚዋጥ፣ ወረቀት ላይ ወጥቶ የማያውቅ ምስኪን ቃል ነበር። ክቡርነትዎ ግን ሊያግዱት ሲሉ በትልልቅ ፊደል አስጽፈው፣ ፊርማና ክብ ማኅተም አክለው፣ ከራጅ ክፍል እስከ ሬሳ ክፍል ለጥፈው ለወግ ለማዕረግ አበቁት። ቃሉን ሰምተው የማያውቁ አስታማሚዎች ሳይቀሩ «ምን ማለት ነው?» እያሉ ይጠይቁን ጀምረዋል። ለእያንዳንዱ ማስረዳት ከሥራ ስላስፈታኝ፣ የማውቀውን ሁሉ በአንድ ደብዳቤ አድርጌ፣ እንደ ጽሕፈት ደንቡ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የቃሉን ትርጉም በተመለከተ።

እጥበት ክፍል ያለን ሴቶች ብዙዎቻችን ልጅ ያጠባን ነንና መጥባት ምን እንደሆነ ይገባናል። ሕፃን ይጠባል፣ ጥጃ ይጠባል፣ አልቅትም ይጠባል። የሚጠባ ሁሉ አፉን ያስጠጋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ጠግቦ ይነሣል። ታዲያ ጆሮ ምን ወተት ኖሮት ይጠባል? ይህን ጥያቄ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ያነሣሁት፣ ውኃ የሚያፈላልንን ቦይለር ለሚያንቀሳቅሱት፣ ግቢው ሁሉ ጋሽ እንፋሎት እያለ ለሚጠራቸው ባልደረባችን ነበር። እሳቸውም ዳቦአቸውን እያላመጡ ጥቂት አሰቡና፣ «ወተቱ የእኛ ወሬ ነው። ጡቱ የዚያ የወሬኛው ጆሮ ነው። ጥጃው ግን እዚህ የለም፤ ፎቅ ላይ ነው» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ።

እንግዲህ በዚህ ትርጉም ከሄድን፣ ክቡር ሆይ፣ ወሬ ተሸካሚው የሚታለብ ነው፣ የሚጠባው ሌላ ነው። ዕገዳው ለሠራተኛው ክብር ታስቦ ከሆነ፣ ሠራተኛው ስለተጨነቁለት እያመሰገነ፣ በቃሉ የተነካው ክብር ግን የእሱ እንዳልሆነ በትሕትና ያሳውቃል።

ሁለተኛ፤ የቃሉን አጠቃቀም በተመለከተ።

ማስታወቂያው ሠራተኞች ባልደረቦቻቸውን በዚህ ቃል «ይጠራሉ» ይላል። ይቅርታ ይደረግልኝና ይህ ስሕተት ነው። ማንም ማንንም ፊት ለፊት ጆሮ ጠቢ ብሎ አይጠራም። ቃሉ የሚነገረው በቲማቲም ነው። የተጠረጠረው ሰው ክፍል ሲገባ፣ እስከዚያች ደቂቃ ሲንሾካሾክ የነበረው ሁሉ ቀና ይልና «ቲማቲም እንዴት ተወደደ!» ይላል። ሌላው ይቀበልና «ሽንኩርቱስ ብትይ!» ይላል። ሰውዬው ሲወጣ ቲማቲሙም ይረሳል። ይህን የማውቀው በሌላ ሰው ላይ ሲደረግ አይቼ አይደለም፤ ወራት ሙሉ ቲማቲም የተወደደብኝ ሰው እኔ ራሴ ስለሆንኩ ነው።

እዚያ እንዴት እንደደረስኩ ክቡርነትዎ ያውቁታል። ደብዳቤው ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነና ሌላውም ሰው ስለሚያነበው ግን ከመነሻው ላውራው።

ከየሕሙማኑ ክፍል በጆንያ እየታጨቀ የሚመጣልን የቆሸሸ አንሶላ ውስጥ ሰው የተወጋበት መርፌ ይገኛል። ወፍራም ጓንት ይሰጠን ብለን ስንጠይቅ «እየታየ ነው» ተባልን፤ ደግመን ስንጠይቅ «በጀት ሲለቀቅ» ተባልን፤ በሦስተኛው የጠየቅነው ሰው ራሱ ተዛውሮ ሄዷል ተባልን። በዚህ መሀል አንሶላ የምትለየው ልጅ፣ ስትስቅም ስታስቅም ስለምትውል ሳቂታ የምንላት፣ አንድ ጠዋት እጇን ከጆንያው ስታወጣ መርፌው መዳፏ ላይ ተሰክቶ አብሮ ወጣ። ማን የተወጋበት እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ምርመራዋ እስኪታወቅ መድኃኒት እየዋጠች፣ ሕፃን ልጇንም ጡት አስጥላ ሰነበተች። ጡቷ ወተት ሲያፈስስ ወደ ማድረቂያው ጀርባ ሄዳ ስታለቅስ እናያታለን፤ ሳቂታ ስታለቅስ ደግሞ ያስፈራል። ውጤቱ ደግ ሆነ፤ እግዜር ይመስገን።

ያኔ ነው ጋሽ እንፋሎት «እንግዲህ በቃን» ያሉት። ሰኞ ጠዋት ሁላችንም አንድ ላይ ወደ ክቡርነትዎ ቢሮ ወጥተን፣ ጓንት እስኪሰጠን የቆሸሸ ልብስ እንደማንለይ በጨዋ ደንብ ልንነግርዎት ተስማማን። ጋሽ እንፋሎት ተናጋሪያችን ሆኑ። ይህን ያወቀው የክፍሉ ሰው ብቻ ነበር። ማሽኖቹ ስለሚጮኹ እኛ ዘንድ ወሬ ሁሉ ከአፍ ወደ ጆሮ ነው፣ ከበሩ ውጭ የሚሰማ ነገር የለም።

ቅዳሜ ዕለት ክቡርነትዎ አንድ በአንድ ያስጠሩን ጀመር። ኮንትራት ሠራተኞቹን ስለ ኮንትራታቸው፣ ቋሚዎቹን ስለ ጡረታቸው እያነሡ እንዴት እንዳነጋገሩ ሁሉም ሲወጣ ከፊቱ ይነበብ ነበር። ሰኞ ጠዋት ጋሽ እንፋሎት የተተኮሰ ሸሚዛቸውን ለብሰው ሲመጡ፣ ወደ ኋላ በር ጥበቃ መዛወራቸው ተነገራቸው። ዕድሜአቸውን ከእሳትና ከእንፋሎት ጋር የጨረሱ ሰው፣ ያን ለኛ ሊናገሩበት የለበሱትን ሸሚዝ ለብሰው በር ሲከፍቱና ሲዘጉ ዋሉ። ወደ ፎቅ የወጣ ሰው አልነበረም።

ሦስተኛ፤ ወንበሩን በተመለከተ።

ቅዳሜ ዕለት ከሁሉ መጨረሻ የተጠራሁት እኔ ነበርኩ። ሌሎቹን እንደቆሙ አነጋግረው የሸኟቸው ክቡርነትዎ ለእኔ ግን ወንበር ሳቡልኝ፤ ሻይም አዘዙልኝ። ስለ ጓንቱ ይጠይቁኛል ብዬ መልሴን ሳሰናዳ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁኝ። ስለ ጉልበቴ ሕመም ጠየቁኝ። ልጄ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰች ጠየቁኝ። ሻዩ እስኪበርድ ስለ ምንም ነገር ስናወራ ቆየን። ከዚያም እስከ በሩ ሸኝተው፣ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው፣ ባልደረቦቼ ሁሉ በቆሙበት ኮሪደር እጅዎን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው፣ «ስለ ትብብርሽ ከልብ እናመሰግናለን» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ያን ዕለት የተባበርኩት ሻይ በመጠጣት ብቻ ነው።

ሰኞ ሁሉም ነገር ሲከሽፍ ባልደረቦቼ ጥፋተኛውን ለማግኘት ብዙ መድከም አላስፈለጋቸውም። በዓይናቸው ያዩት ነገር ነበርና። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ እኔ ዳዋ ሆንኩ። ከሌሎቹ ጋር ተደርድሮ ይቀመጥ የነበረው ኩባያዬ መስኮቱ ላይ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት። ሳቂታ እኔ ስገባ መሳቋን ታቆም ጀመር። ከዚህ ሁሉ ያመመኝ ግን የጋሽ እንፋሎት ነው። ዕድሜ ልካቸውን «አንቺ» ሲሉኝ የኖሩት ሰው፣ በኋላ በር በኩል ስገባ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ ቆባቸውን አውልቀው፣ «ይግቡ፣ እመቤቴ» አሉኝ። በአንቱታ የተሰደበ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል? ብሰደብ እመልስ ነበር። ብመታም አለቅስ ነበር። «ይግቡ» ላለኝ ሰው ግን ከመግባት በቀር ምን ማድረግ እችል ነበር?

አንዲት ሰው ብቻ ከጎኔ ቆመች፤ ታናሽ እህቴ።

ማን እንደሆነች ለማያውቃት ልንገር። እናታችን ካረፈች በኋላ አጉርሼ ያሳደግኳት፣ አንድ ቤት አብራኝ የምትኖር፣ እዚህም በኮንትራት እንድትገባ በየቢሮው ደጅ ጠንቼ ያስቀጠርኳት ልጅ ናት። አንሶላ የምናጥፈውም አብረን ነበር። አንሶላ ማጠፍ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ጫፍና ጫፉን ይዛችሁ ትራራቃላችሁ፣ ትወጥሩታላችሁ፣ ከዚያ ጫፍን ከጫፍ ለማገናኘት ትቀራረባላችሁ። የምትነጋገሩት በዚያች በምትቀራረቡባት ቅጽበት ነው። በሆዴ ያለ ነገር ሁሉ፣ ከባሌ ጋር የተጣላሁበትም፣ የጉልበቴ ሕመምም፣ የልጄ ሐሳብም፣ በነጭ አንሶላ መሀል አልፎ በእህቴ ጆሮ ገብቷል።

ታዲያ ይህች እህቴ ሐሜቱ ሲበዛ አንድ ቀን የሳሙና ሣጥን ላይ ወጥታ፣ በማሽኖቹ ጩኸት ላይ ጮኻ፣ «እህቴን የምታሙ ሁሉ እግዜር ይይላችሁ! እሷ ጆሮ ጠቢ ከሆነች እኔም ነኝ፤ እኔንም በሉኝ!» አለች። እንባዋ እየወረደ ነበር። ማታ ቤት ስንገባ ጉልበቴን በቅባት እያሸችልኝ፣ «ተያቸው፣ እውነት ውሎ አድሮ መውጣቱ አይቀርም» አለችኝ። እኔም ምንም ባይኖረኝ እህት አለችኝ ብዬ አመሰገንኩ።

አራተኛ፤ ፎጣውን በተመለከተ።

ለዚህኛው ግን ልዩ ምስጋና አቀርባለሁ። በጠቅላላ ስብሰባው ላይ፣ አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞልቶ፣ ክቡርነትዎ ስለ ሥነ ምግባር ሲናገሩ ቆይተው ድንገት ተቆጡና፣ «እኔን ‹ያልተጨመቀ ፎጣ› እያላችሁ እንደምታሙኝ የማላውቅ እንዳይመስላችሁ!» አሉ።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ይህን ስም ከዚያ በፊት የሰማ ማንም አልነበረምና። ቀጥሎ ከኋላ አንድ ነርስ ሳቁ አመለጠው፤ ከዚያ ሌላው፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚህ ግቢ ክቡርነትዎን በሌላ ስም የሚጠራ የለም። ስሙን ያወጣሁት እኔ እንደሆንኩ አልክድም፤ «ሲያነሡት ይከብዳል፣ ቢያብሱበት አያደርቅም» ብዬ ነበር። ለሕዝብ ያደረሱት ግን ክቡርነትዎ ነዎት፤ እኔማ የተናገርኩት አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ አንሶላ ስናጥፍ፣ ለአንድ ጆሮ ነበር።

እዚያ አዳራሽ ውስጥ ያልሳቅነው ሁለት ሰዎች ነበርን። እኔና ከጎኔ የተቀመጠችው እህቴ።

ቤት እስክንገባ ምንም አላልኳትም። እንደገባን አልጋው ላይ ተቀመጠችና የልጄን ልብሶች ታጥፍ ጀመር።

«ፎጣውን ማን ነገራቸው?» አልኳት።

«የምን ፎጣ?» አለች፤ ግን ቀና አላለችም። ቆየት ብላ፣ «አንቺን እንዳይነኩሽ ብዬ ነው» አለችኝ። «በሚዛወሩት ዝርዝር ላይ ስምሽ ከጋሽ እንፋሎት ስም ቀጥሎ ነበር። እኔ ነኝ ለምኜ ያስቀረሁት። ቋሚ አደርግሻለሁም ብለውኛል። ደግሞስ እኔ ባልነግራቸው ሌላው ይነግራቸዋል፤ ቢያንስ እኔ የምነግራቸውን እመርጥ ነበር።»

«ሰኞ ልንወጣ መሆኑን መርጠሽ ነው የነገርሻቸው?»

የልጄን ሸሚዝ አንሥታ እጅጌውን አጠፈች።

«ወንበሩንስ? አንቺን ለመሸፈን ያን ወንበር እንደሚስቡልኝ ታውቂ ነበር?»

አልመለሰችልኝም። አጥፋ የጨረሰችውን ሸሚዝ ፈትታ እንደገና ማጠፍ ጀመረች። ክቡር ሆይ፣ ሰው «አላውቅም» ማለት እየቻለ ዝም ሲል፣ ዝምታው ምን ማለት እንደሆነ የሚጠፋው ሰው የለም። ሣጥኑ ላይ ወጥታ ያለቀሰችው፣ በማን እጅ እንደተመታሁ እያወቀች ነበር። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ሲሉ እሰማ ነበር። በእኛ ቤት ግን ያች እናት እኔ ነበርኩና ማንን እንደምወቅስ አጣሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ክቡርነትዎ ምንም ጆሮ ቢያሠማሩ ሊሰሙት አይችሉም፤ በሆዴ ብቻ የሆነ ነገር ነውና። ስሜን ለማጥራት ያለኝ መንገድ አንድ ብቻ ነበር። ጠዋት ክፍል ገብቼ፣ ከባልደረቦቼ ወደ አንዷ ተጠግቼ፣ በጆሮዋ የእህቴን ስም መናገር። ሳቂታን መረጥኩ። ሁለት ጊዜ አጠገቧ ደርሼ ቆምኩ። እሷም ቀና ብላ አየችኝና፣ «ቲማቲም ተወደደ፣ አይደል?» አለችኝ። «አዎ፣ ተወዷል» ብዬ ተመለስኩ። ያን ስም በዚያ ጆሮ ብጥል ኖሮ፣ በሐሰት የተለጠፈብኝ ቃል በዚያች ቅጽበት እውነተኛ ስሜ ይሆን ነበር። ጆሮ ጠቢ አለመሆኔን ማስረዳት የምችለው ጆሮ ጠቢ ሆኜ ብቻ ነበር። ስለዚህ ስሙን ተሸክሜ ዝም አልኩ። ከእህቴ ጋርም ማጠፋችንን ቀጠልን። ጫፍና ጫፉን ለማገናኘት ስትቀርበኝ ግን ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞር ነበር።

አምስተኛ፤ የምስክር ወረቀቱን በተመለከተ።

ማስታወቂያው በወጣ በሳምንቱ ክቡርነትዎ እንደገና ሰበሰቡን። «ከእንግዲህ የሚያሳፍር ነገር የለም፤ የመረጃ አጋርነት የሚያኮራ ሥራ ነው» አሉ። ቀጥለውም «የዓመቱ የመረጃ አጋር» ብለው፣ በእጥበት ክፍል ሊነሣ የነበረውን ሁከት ቀድማ በማሳወቋ እንደምትሸለም ገልጸው፣ የእህቴን ስም ከነአባቷ ስም በማይክሮፎን ጠሩ።

እኔ ወራት ሙሉ ጥርሴን ነክሼ የደበቅሁትን ስም!

እህቴ መጀመሪያ አልተነሣችም። የተሳሳቱ መስሏት ነበር። ሰዎችዎ መጥተው ክንዷን ይዘው አስነሧት። መድረኩ ላይ ቆማ፣ የምስክር ወረቀቱ ደረቷ ላይ ተይዞላት፣ ፎቶ አንሺው «ትንሽ ፈገግ በይ» ሲላት አየኋት። ይህችን ልጅ በሕፃንነቷ ታማብኝ፣ ወድቃብኝ፣ ተርባብኝ አውቃታለሁ። ያን ፊቷን ግን አይቼው አላውቅም። ያጨበጨቡት ክቡርነትዎና ፊት ለፊት የተቀመጡት የመምሪያ ኃላፊዎች ብቻ ነበሩ።

እሷ እኔን ለእርስዎ ከዳችኝ። እርስዎ ደግሞ እሷን ለማን እንደከዷት ዛሬም አልገባኝም። እኔ እንደማስበው ለማንም አይደለም። ቃሉን ከቀየርኩ ነገሩም ይቀየራል ብለው ከልብዎ አምነው ነበር። ክፋት ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ሳቂታ መጥታ ፊቴ ቆመችና፣ «እትዬ፣ ይቅር በይኝ» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ኩባያዬም ወደ ቦታው ተመለሰ። ጋሽ እንፋሎት በራቸውን ከፍተው፣ ረጅም ጊዜ መሬት መሬት ሲያዩ ቆይተው፣ «ግቢ እንጂ አንቺ፣ ምን ትገተሪያለሽ!» ብለው ተቆጡኝ። ያን ያህል ደስ ያለኝ ቁጣ የለም።

እህቴም መጥታ ጠረጴዛው ጋ ቆመች። አንሶላ አነሣች፤ ሁለቱን ጫፍ ያዘች፤ የሚይዝላት ሰው ጠበቀች። ማንም አልያዘላትም። እኔም አልያዝኩላትም። አንዱን ጫፍ በአገጯ ይዛ ብቻዋን ልታጥፍ ስትታገል አየሁ፤ አንሶላው መሬት ወደቀ፤ አነሣችው፤ እንደገና ወደቀ። እስከ ምሳ ድረስ እንዲሁ ነበረች። ከምሳ በኋላ አልተመለሰችም። ቋሚነቱም ተሰጥቷት፣ ዛሬ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከክቡርነትዎ ቢሮ በር አጠገብ ባለች ወንበር ላይ ተቀምጣ ትውላለች። ማንም ምንም ስለማይነግራት የምትነግርዎት ነገር እንደሌላት ሳይገነዘቡ አይቀሩም።

ስድስተኛ፤ «አጋር» የተባለውን ቃል በተመለከተ።

ይህ ቃል ደህና ቃል ነበር። አሁን ግን የመድኃኒት ቤቱ ሠራተኛ ሚስቱን ከእኛ ጋር ሲያስተዋውቅ «የሕይወት አጋሬ ናት» ቢል፣ ሰዉ ሁሉ ሴትዮዋን ገልመጥ አድርጎ ስለ ቲማቲም ማውራት ጀመረ። ምስኪኗ የገበያ ዋጋ የምታጠና መስሏት ስታስረዳን ቆየች። ቆሻሻን በንጹሕ አንሶላ ቢጠቀልሉት የሚቆሽሸው አንሶላው ነው፤ ይህን ለማወቅ እጥበት ክፍል መሥራት አያስፈልግም።

ሰባተኛ ብዬ የምጽፈው ስለ ቤቴ ነው፤ ግን እንደ ቅሬታ አይቆጠርልኝ፣ መፍትሔ ስለሌለው።

እኔና እህቴ ዛሬም አንድ ጣሪያ ሥር ነን። ውጪ አላልኳትም፤ እሷም አልወጣችም። አንድ ገበታ ቀርበን እንበላለን። «ጨው አቀብይኝ» ትለኛለች፣ አቀብላታለሁ። አንድ ማታ ልጄ ስለ አስተማሪዋ የሆነ የሚያስቅ ነገር እያወራችልኝ ሳለ እህቴ በሩን ከፍታ ገባች። ልጄ ዝም አለች። እህቴም ልብሷን እየሰቀለች፣ እንደ ድሮው ልትቀላቀል ብላ፣ «ስለ ምን ነው የምታወሩት?» አለች።

ልጄ አላመነታችም። «ስለ ቲማቲም» አለቻት።

እህቴ ልብሷን መልሳ ለብሳ ወጣች። ልጄን ልቆጣት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ምን ብዬ? አክስቷ ናት፤ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻት አክስቷ ናት። እኔም ያን ማታ ተከትያት አልወጣሁም። ይህን ለክቡርነትዎ የምነግርዎት አዝነው እንዲያጽናኑኝ አይደለም፤ ከመሥሪያ ቤቱ ወጥቶ ቤቴ የገባ ዕቃ ስለሆነ ተመላሽ ይደረግ እንደሆነ ለመጠየቅ ነው።

በመጨረሻም የምለምነው ጥቂት ነው። የቆሸሸ ልብስ ለሚለዩት ልጆች ጓንት ይሰጣቸው። ጋሽ እንፋሎት ወደ ቦይለራቸው ይመለሱ፤ አሁን የተመደበው ልጅ እንፋሎቱ ሲያፏጭ ከክፍሉ ይሮጣል፣ እኛም ተከትለነው እንሮጣለን። ወንበሩንና ሻዩን ደግሞ ለምን እንዳዘጋጁልኝ፣ እህቴን በጠሩበት በዚያው ማይክሮፎን ለሠራተኛው ይንገሩልኝ። እህቴን መልሱልኝ አልልም፤ ክቡርነትዎ የማይችሉትን ጠይቄ ላሳፍርዎት አልፈልግም።

ለዚህ ሁሉ ድካምዎ፣ ለቃሉም ለማኅተሙም፣ በእኔና በመላው ቤተሰቤ ስም፣ ከሚታጠብልዎት አንሶላ ሁሉ የበለጠ የነጣ አክብሮቴን እያቀረብኩ፣ በትሕትና እጅ እነሣለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣
ሻይ የጠጣችው ሴት፤
ከልብስ እጥበት ክፍል።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህ ደብዳቤ ክቡርነትዎ ዘንድ ከመድረሱ በፊት በሠራተኛው ምግብ ቤት በር ላይ ተለጥፎ ሰንብቷል። ሐኪሞቹ አንብበውታል፣ ነርሶቹ አንብበውታል፣ ጥበቃዎቹ ጮክ ብለው ለማያነቡት አንብበውላቸዋል፤ ጸሐፊዎም አንብባ ስትስቅ ታይታለች። ከዚህ ሁሉ ሰው መጨረሻ የሚያነቡት እርስዎ ነዎት። ከበርዎ አጠገብ የምትቀመጠው እህቴም አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ብቻዋን ቆማ ከላይ እስከ ታች አነበበችው፣ ዞር ብላም እንደገና ከላይ ጀመረች። እሷም አልነገረችዎትም።